ለግብአትነት እንወስደዋለን

የሰፈራችን የመጪዎቹ 10 ዓመታት ዕጣ የተቆረጠው አንድ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ። መብራት የጠፋበትን 20 ደቂቃና ውሃና ቆሎ የታደለበትን ሌላ 20 ደቂቃ ስቀንስ ለእያንዳንዱ ዓመት 8 ደቂቃ ደርሶታል። እኔ መርካቶ ገብቼ አንድ ጃኬት ለመግዛት ከዚህ የበለጠ እከራከራለሁ።

ጥሪው የደረሰን ዓርብ ማታ ነው። የብሎካችን ተጠሪ በየበሩ እያንኳኩ፣ “ነገ ጠዋት 2፡30 ወረዳ አዳራሽ ስብሰባ አለ፤ ከየቤቱ አንድ ሰው እንዳይቀር” ይላሉ። የጎረቤቴ ሚስት ብቅ አለችና፣

“ዘይት መጣ እንዴ?” አለቻቸው።

“ዘይት አይደለም፤ ፕላን ነው።”

“የምን ፕላን?”

“የአካባቢ ልማት ፕላን።”

“እህ” ብላ በሩን ዘጋች። በማግስቱ ባሏን ላከችው። እሱም መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ “ስለ ምንድን ነው የተባለው?” ሲለኝ ነገርኩት። “ስለ ፕላን ከሆነማ ቶሎ ያልቃል” አለኝ። እውነቱን ነበር።

አዳራሹ በር ላይ አንዲት ልጅ መዝገብ ይዛ ተቀምጣለች። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ ፊርማ። ልብ በሉልኝ፤ ገና አንድ ቃል ሳንሰማ ፈርመናል። እድር ላይ እንኳ ጸሐፊው የሚያስፈርመን ብሩን ቆጥረን ስናስረክብ ነው። እዚህ ግን ፊርማው ይቀድማል፤ ኋላ “ኅብረተሰቡን ያሳተፈ” ለሚለው ዓረፍተ ነገር ማስረጃው ይኸው መዝገብ ነውና።

ከውስጥ ደግሞ የተለመደው ነገር። የኋላው ወንበር ጢም ብሏል፤ የፊተኛው ባዶ ነው። መድረክ መሪው፣ “እባካችሁ ወደ ፊት ጠጋ ጠጋ በሉ” እያሉ ለመኑን። የሚንቀሳቀስ የለም። ስለ ወደፊቱ ልንወያይ መጥተን፣ ወደ ፊት የሚቀመጥ ጠፋ።

ፕሮጀክተሩ “እንኳን ደህና መጣችሁ” የሚለውን ጽሑፍ እንዳሳየን መብራቱ ሄደ። ደግነቱ የወረቀት ካርታም ነበር። ሁለት ወጣቶች ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጠፉት። ስብሰባው የተጀመረው ያኔ ነው። ወደ ፊት ጠጋ በሉ ሲባል እንደ ድንጋይ የከበደ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተፈናጥሮ ካርታው ላይ ተረባረበ። “የኔ ቤት የቱ ጋ ነው? ቤተ ክርስቲያኑ ይሄ ከሆነ ዳቦ ቤቱ እዚህ ነው... አይ፣ እሱ ትምህርት ቤቱ ነው... እጅህን አንሳልኝ እስቲ!” ከተማችን ወዴት እያደገች ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልሰማሁም። እኔም አልጠየቅኩም። ከቤተ ክርስቲያኑ ተነስቼ፣ በዳቦ ቤቱ ታጥፌ፣ በጣቴ እየዳበስኩ ቤቴን አገኘኋት። የትንሿን ጣቴን ጥፍር ታክላለች። ቢጫ ናት። ቢጫ ምን ማለት እንደሆነ ሳላውቅ ደስ አለኝ፤ የጎረቤቴ ቀይ ነበራ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ፕላኑን የሚያስረዳን ወጣት ባለሙያ ቢጫ መኖሪያ፣ ቀይ ንግድ፣ አረንጓዴ ደግሞ ያው አረንጓዴ መሆኑን ነገረን። ቀይ ማለት ንግድ ነው ሲባል የጎረቤቴ አንገት አንድ ስንዝር ረዘመ።

ስለ ልጁ አንድ ነገር ልመስክር፤ የተናገረው ሁሉ ትክክል ነው። መዋቅራዊ ፕላን የከተማው አጥንት ነው አለ፤ ዋና ዋና መንገዶች በየት እንደሚያልፉ፣ መኖሪያው፣ ንግዱ፣ ኢንዱስትሪውና አረንጓዴው የት የት እንደሚሆን ለ10 ዓመት ይደነግጋል። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ያንን አጥንት ሥጋ ያለብሰዋል፤ የእናንተ ቅያስ ስንት ሜትር ይሰፋል፣ ፎቁ እስከ ስንት ይወጣል፣ ሜዳው ምን ይሆናል የሚለውን ቦታ በቦታ ይለያል። ይህን ሁሉ የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 574/2000 እንደሆነም ጨመረልን። ጥፋቱ፣ “ጥግግት”፣ “የመንገድ ተዋረድ”፣ “ቅይጥ አገልግሎት” ማለቱ ነው። “ቅይጥ” ሲል ከኋላዬ አንድ አዛውንት፣

“ቅይጥ ደግሞ ምንድን ነው?” አሉ።

“ሰርገኛ ጤፍ በሉት” አላቸው አጠገባቸው ያለው ሰውዬ፤ “ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ።”

“ይሄማ አሁንስ መች ቀረብን! ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ ነን።”

እኔ ይህን የሽማግሌውን ንግግር የዕለቱ ምርጥ ትንታኔ ብዬዋለሁ። የጻፈው የለም።

ለነገሩ ይህች ከተማ፣ አዲስ አበባ፣ ካርታ ሲሣልላት የመጀመሪያዋ አይደለም። በ1879 ዓ.ም. ፍል ውሃው አጠገብ ስትቆረቆር ካርታዋ ድንኳን ነበር። ንጉሡ መሐል ላይ፣ መኳንንቱ በየጉብታው፣ ጭፍራው በየመኳንንቱ ዙሪያ። “ሰፈር” የምንለው ቃል ራሱ ከመስፈር የመጣ ነው። ደጃዝማቹ የሰፈሩበት ደጃች ውቤ ሰፈር፣ የእጅ ባለሙያው የሰፈረበት ሠራተኛ ሰፈር ሆኖ ቀረ። የማንንም አስተያየት የጠየቀ አልነበረም፤ ቢያንስ ግን ጠይቄአለሁ ያለም አልነበረም።

ቀጥሎ ፈረንጆቹ መጡ። (ዓመቶቹንም በፈረንጅ ልቁጠራቸው።) በ1936፣ ጣሊያን እንደገባ፣ ሌ ኮርቡዚዬ የተባለው ስመ ጥር አርክቴክት ለአዲስ አበባ ንድፍ ጫረ። አዲስ አበባን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ያላያትን ከተማ ጠራርጎ ቀጥ ያለ ሰፊ ጎዳና አሰመረባት። ሥራው ግን ለሌሎች፣ ለጊዲና ለቫሌ፣ ተሰጠ። እነሱ ደግሞ ነጩን ወዲህ ጥቁሩን ወዲያ የሚለይ ፕላን አወጡ፤ በዚያው ጊዜ የአራዳው ገበያ ከጊዮርጊስ ተነስቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ተገፋ። ከዚያ የሆነውን ተመልከቱ። ገበያውን ያዛወረው የቅኝ ገዢ እርሳስ ነው፤ ውስጡን የደለደለው ግን ነጋዴው ራሱ ነው። ሸማ ተራ፣ ጭድ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። በርበሬው ከሸማው እንዲርቅ ያደረገው የማንም ባለሙያ ቀለም አይደለም፤ የሚያስነጥስ ነጋዴ ነው። የመሬት አጠቃቀም ፕላን ማለት እኮ ይኸው ነው።

ከነፃነት በኋላ የለንደንን ፕላን የሠሩት እንግሊዛዊ ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ መጡ። ቦልተን ሄንሲ የተባለው ድርጅት ተከተለ። ፈረንሳዮቹ ሣሉ፣ ሀንጋሪው ፖሎኒ ሣለ። ቀጥሎ ኢትዮጵያውያንና ጣሊያኖች አንድ ላይ ሆነው በ1986 ትልቁን ማስተር ፕላን ጨረሱ፤ ጨርሰውትም የጸደቀው በ1994 ነው። በመሐሉ መንግሥት ተለውጧል፤ ፕላኑ ግን ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ዘመን ተሻገረ። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ነው በ2017 አሥረኛው የሚባለው መዋቅራዊ ፕላን ላይ የደረስነው። በዚያ ሁሉ ዘመን አያቴን፣ “እመቤቴ፣ ገበያው የት ቢሆን ይሻልዎታል?” ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው የለም። እኛ ግን ይኸው ተጠየቅን። ውሃ በላስቲክ፣ ቆሎ በፌስታል ተሰጥቶን፣ “ሃሳብ ስጡ” ተባልን።

ታዲያ ስንጠየቅ ምን አልን?

የመጀመሪያው ተናጋሪ ተነስቶ፣ “በቅድሚያ ይህን መድረክ ያዘጋጀውን አካል...” ብሎ ጀመረ። ወረዳውን አመሰገነ፣ መድረክ መሪውን አመሰገነ፣ ባለሙያውን አመሰገነ፣ የብሎኩን ተጠሪ አመሰገነ፣ ቆሎ ያደለችውንም ሳይረሳ አመሰገነ። ከዚያም፣ “ሃሳቤን በዚሁ እቋጫለሁ” ብሎ ተቀመጠ። ያልፈታውን ሃሳብ ቋጨው።

ሁለተኛዋ፣ “ፕላኑ በጣም ጥሩ ነው፤ ቧንቧችን ግን ውሃ ካየ ሁለት ሳምንት ሆነው” አለች። አዳራሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ አጨበጨበ። ሦስተኛው የሰፈሩን ታሪክ ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ ሊተርኩልን ተነሱ፤ ደርግ ቀበሌ ያቋቋመበት 1967 ዓ.ም. ላይ ሲደርሱ ሰዓት አለቀባቸው።

አራተኛው ደህና ተናጋሪ ነበር። “ከተማ ያለ አረንጓዴ ሳንባ እንደሌለው ሰው ነው!” ሲል ተጨበጨበለት። ባለሙያው ደስ ብሎት፣ “የት ላይ ቢሆን ይላሉ?” አለው። ሰውዬው ካርታው ዘንድ ሄዶ፣ ከእድራችን የድንኳን መጋዘን ጀርባ ያለውን ቦታ አሳየ። ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት ሴትዮ፣ “ኧረ እሱ የኔ ጓሮ ነው!” ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ሁሉም በየተራ ጠቆመ። አንዱ የአንዱን ጓሮ፣ ሌላው የሌላውን ግቢ። ታዘብኩ፤ በሰፈራችን ፓርክ የማይፈልግ ሰው የለም፤ በራሱ ይዞታ ላይ የሚፈልግ ግን አልተገኘም። መንገዱም እንደዚሁ ነው። ሁላችንም እንዲሰፋ እንፈልጋለን፤ ወደ ማዶ በኩል።

በሰው አልፍረድ፤ እኔም እጄን አውጥቼ ነበር። ሌሊቱን ያሰብኩት ስለ ኳስ ሜዳው ልናገር ነው። ካርታው ላይ ሜዳው ቀይ ሆኗል። ሰፈሩ ውስጥ የቀረው ክፍት ቦታ እሱ ብቻ ነው፤ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን የምንተክለው እዚያ ነው፣ ልጆቹም የሚጫወቱት እዚያው ነው። ይህን ልል ተነሳሁ። ማይኩን ስይዝ ግን ዓይኔ ከጎረቤቴ ረጅም አንገት ጋር ተጋጨ። አንደበቴ በራሱ ጊዜ ታጥፎ፣ “የጎረቤቴ አጥር ወደ እኔ በኩል ግማሽ ሜትር ገብቷል” አለ። መድረክ መሪው፣ “ይሄ ለይዞታ አስተዳደር የሚቀርብ አቤቱታ ነው” ብለው አስቀመጡኝ። ልክ ናቸው። እኔ ግን የተቆጨሁት ለሌላ ነው፤ ያች ግማሽ ሜትሬ እስከ ትናንት ቢጫ ነበረች፣ አሁን ቀይ ሆና ቀረች።

ስለ ሜዳው የተናገረ ሰው አልነበረም። የ10 ዓመቱን ፕላን 10 ዓመት ሙሉ የሚኖሩበት ልጆች በዚያ ሰዓት ከአዳራሹ ውጭ ኳስ እየተጫወቱ ነበር። ኳሷ አንድ ጊዜ የአዳራሹን ቆርቆሮ ጣሪያ “ጓ!” አደረገችው። ጥበቃው ወጥቶ፣ “ስብሰባ አለ አይደል እንዴ! ወዲያ ሂዱ!” ብሎ አባረራቸው።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ፕላኑን እንደ ፕላን ያነበበው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሰፈራችን ደላላ። አልተናገረም፣ አላጨበጨበም፣ ቆሎም አልወሰደ። ሦስት ጊዜ ተነስቶ ካርታውን በስልኩ አነሳና ስብሰባው ሳያልቅ ወጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ ደላላችን መሬት አይሸጥም፤ ቤት ነው የሚሸጠው። ቤቱ ሁለት ክፍል ጭቃ ይሆናል፤ ዋጋው ግን የቀዩ ቀለም ነው። ሰኞ ጠዋት ጎረቤቴን የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ማኪያቶ ሲጋብዙት አየሁ።

ከእኛ ከሌሎቻችን የተለዩት አንዲት እናት ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ቀስ ብለው ካርታው ሥር ደረሱ። የራሳቸውን ቤት አልፈለጉም፤ ቤታቸው የቀበሌ ነው። ጣታቸውን አንድ ቢጫ ቦታ ላይ አሳርፈው፣

“ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?” አሉት ባለሙያውን።

“መኖሪያ ነው እማማ፤ እስከ አራት ፎቅ ይሠራበታል። አሁን ባዶ ቦታ ነው።”

“ባዶ? ይሄማ ፈፋው ነው። ሐምሌ ላይ ውሃው ከላይ ደፍርሶ ሲመጣ የሚያልፈው በዚህ ነው። አጥሬንም፣ ላሜንም የወሰደብኝ እሱ ነው። ማን ነው ባዶ ነው ያላችሁ?”

ባለሙያው ጎንበስ አለ። ከስብሰባው መጀመሪያ አንስቶ ሰው እንዲህ ሲያዳምጥ ያየሁት ያኔ ነው። “የተነሳነው ከአየር ፎቶ ነው እማማ” አላቸው ዝቅ ባለ ድምፅ። “ፎቶው የሚነሳው ደመና በሌለበት፣ በበጋ ነው። በበጋ ደረቅ ሆኖ ነው የሚታየው።”

“በበጋማ እኔም እሄድበታለሁ!” አሉት።

የድሮ ሰው ለግብአት አዳራሽ አያስፈልገውም ነበር፤ ስም ያወጣ ነበር። ገደል ሰፈር የሚባል ቦታ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ተነግሮታል። ግንፍሌን ግንፍሌ ብሎ የጠራው ሰው ፎቶ ከአየር አላነሳ ይሆናል፤ ክረምቱን ግን ከወንዙ ዳር ሳይከርም አልቀረም። እኚህ እናትም ያመጡት እንዲህ ያለ ስም ነበር። ለአንድ ፕላን ከዚህ የሚበልጥ ዕውቀት ከየት ይመጣል? ልጁ እስክሪብቶውን አወጣ። ይኼኔ መድረክ መሪው ሰዓታቸውን አዩና በማይክ፣

“በጣም ጥሩ እማማ፤ ለግብአትነት እንወስደዋለን። ቀጣይ!” አሉ።

ግብአት። ይህን ቃል የፈጠረው ሰው ሐውልት ይገባዋል። ግብአት ማለት ፋብሪካ የሚገባ ጥሬ ዕቃ አይደል? ጥጥ ይገባል፣ አቡጀዴ ይወጣል። የእኛ ግብአት ሲገባ እንጂ ሲወጣ ያየው ሰው የለም። የቃሉ ጥበብም ያለው እዚያ ላይ ነው። “አይሆንም” ቢሉን እንጣላ ነበር። “እሺ” ቢሉን ነገ ሄደን እንጠይቃቸው ነበር። “ግብአት” ግን ከሁለቱም ያድናል። ለማኝ በር ላይ ሲመጣ የለኝም አይባልም፤ “እግዜር ይስጥህ” ይባላል። ለማኙም ይገባዋል፣ መርቆ ይሄዳል። ግብአት የመሥሪያ ቤት “እግዜር ይስጥህ” ነው።

ሼሪ አርንስታይን የምትባል አሜሪካዊት በፈረንጆቹ 1969 ስለ ዜጎች ተሳትፎ ስትጽፍ ባለ ስምንት እርከን መሰላል ሠርታለች። ከላይኛው እርከን ላይ ዜጋው ራሱ ይወስናል። ከሥር የመጀመሪያዋ ማታለል ናት፤ ከእሷ በላይ ያለችውን “ሕክምና” ብላታለች። እዚህች እርከን ላይ ዜጋው ምንም አይወስንም፤ የሆዱን ተናግሮ ቀለል ብሎት ይሄዳል። ይህን ሳስብ ነው ስለ አጥሬ ተናግሬ ስቀመጥ ለምን ያን ያህል እንደቀለለኝ የገባኝ። ታክሜ ነበር።

ሕግ አጥተን ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች አካባቢያቸውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሃሳባቸውን የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። የከተማ ፕላን አዋጁ የሕዝብ ተሳትፎን ከመርሆዎቹ አንዱ አድርጎታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ማስለቀቂያና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ሲወጣ ተነሺዎችን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት አማክሩ ብሎ ነበር። ሕጉ ሞልቷል። የጎደለው የሚጠየቅበት ሰዓት ነው። ቀለሙ ተቀብቶ፣ ታትሞ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ካርታ አሳይቶ “ምን ይመስላችኋል?” ማለት፣ የሠርጉ መጥሪያ ከታደለ በኋላ ሙሽራዋን “ለመሆኑ ትወጂዋለሽ?” እንደማለት ነው። ምን ትበል? ድግሱ ተደግሷል፣ ጠላው ተጠምቋል።

ግን ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ ወረዳው ላይ ባላክክ እዋሻለሁ። ባዶ ወረቀት ይዘው ቢመጡልን ምን እንጽፍበት ነበር? እኔ አጥሬን፣ ሴትዮዋ ቧንቧዋን፣ ያኛው የሰው ጓሮ። በእኛና በጽሕፈት ቤቱ መካከል ሳንፈራረም የተስማማነው ውል አለ። እነሱ ፊርማችንን ይፈልጋሉ፣ እኛ ደግሞ ከማሰብ መገላገል። እነሱ ከወሰኑ በኋላ ይጠይቁናል፣ እኛም ከተጠየቅን በኋላ እናስባለን። ሁለታችንም ተመችቶናል። ውሉ የሚፈርሰው አንድ ቀን ጠዋት አጥራችን ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎ ያገኘን ዕለት ነው። ያኔ ሁላችንም አዋጅ በቁጥር የምንጠራ የሕግ ሊቅ፣ ካርታ የምናነብ መሐንዲስ እንሆናለን። “መቼ ጠየቃችሁን?” ብለን እንጮሃለን። እነሱም ረጋ ብለው መዝገቡን ያወጡታል። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ ፊርማ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ቃለ ጉባኤው ተነበበ። “ነዋሪው በቀረበው የአካባቢ ልማት ፕላን ላይ በስፋትና በጥልቀት ተወያይቶ የጋራ መግባባት ላይ ደርሷል። በነዋሪው በኩል የውሃ እጥረት መኖሩ በተደጋጋሚ የተነሳ ሲሆን፣ ለሚመለከተው አካል እንዲቀርብ አቅጣጫ ተቀምጧል።”

እኚያ እናት ከተቀመጡበት፣ “የኔ ውሃስ?” አሉ።

“ተጽፏል እማማ! ውሃው ገብቷል።”

“እኔ እኮ የሚመጣብኝን ውሃ ነው ያልኩት፤ የቀረብኝን መች አልኩ?”

አዳራሹ ሳቀ፤ መድረክ መሪውም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ተነስቼ፣ “ሴትዮዋ ያሉት ጎርፍ ነው፣ ይስተካከል” ልል እጄን ግማሽ ድረስ አንስቼ ነበር። ግን ሰው ሁሉ መነሳት ጀምሯል፣ ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ ከፊሉም በሩ ጋ ነው። የተነሳችውን እጄን ፀጉሬን አከክኩባት።

ወደ በሩ ስሄድ ባለሙያው ካርታውን ከግድግዳው እየላጠ ነበር። ሰፈራችን ያለበት ቦታ ቀለሙ ተፈቅፍቆ ነጭ ሆኗል። ከላስቲኩ ውሃ የረጠበ ጣት ሁሉ ቤቱን ሲፈልግ እየዳበሰ አጥቦታል። ቢጫው ከቀዩ ተደባልቋል፤ ሜዳውም ፈፋውም የጎረቤቴ ንግድም አይለዩም። አፈርኩ።

“ይቅርታ ወንድሜ፣ አበላሸንብህ” አልኩት።

“ኧረ ችግር የለውም ጋሼ” አለኝ ካርታውን እየጠቀለለ፤ “ዋናው ኮምፒውተር ላይ እንዳለ አለ።”